ፍሪጁ ጂ ላይ ነው

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት አልፏል። ከሠርግ ሥራ ገና መግባቴ ነው። ጆሮዬ ውስጥ አሁንም ድራሙ አለ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ ፍሪጁ ብቻ እምምም ይላል። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። በዚህ ሰሞን ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል። የገንዘቡ ነገር ብቻ አይደለም። እጄ ሥራ ሲፈታ እኔም አብሬ የምፈታ ይመስለኛል።

ፍሪጁን ሳዳምጥ ቆየሁና ቤዝ ጊታሬን አነሳሁ። ወፍራሙን ክር ሦስተኛው ፍሬት፣ አንገቱ ላይ ያለችው የብረት መስመር ላይ ያዝኩት። አልተሳሳትኩም፣ ፍሪጁ ጂ የምትባለው ኖታ ላይ ነው። ትንሽ ከፍ ያለ ጂ። ፍሪጁን የሚያስነዝረው የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል። እዚያ ፍሬት ላይ ያለው ጂ ደግሞ 49። ጎረቤታሞች ናቸው።

አዳራሹ ውስጥም ማታ ያስቸገረን ይኸው ድምፅ ነበር። የቤዙን ገመድ ጃክ ሰክቼ አምፑን፣ የድምፅ ማጉያዬን፣ ስከፍት እምምም አለ። የቤዙን ቮልዩም ዜሮ አደረግኩት፤ ሃሙ፣ ያ እምምምታ፣ አልሄደም። እንግዲህ የክሩን ንዝረት ከሚይዘው ከፒክአፑ አይደለም ማለት ነው። ሳየው የሁላችንም ድምፅ የሚገባበት ሚክሰር ከአንዱ ግድግዳ፣ የእኔ አምፕ ከሌላው ግድግዳ ነው መብራት የወሰዱት፤ ሃሙ የመጣው ከዚያ ነው። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ቶሎ መላ መጣለት። «ኧርዝ በሌለው ዲቫይደር ሰካው፣ ወዲያው ይቆማል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ይቆማል። ግን ኧርዝ የሾለከ መብራት ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ ነው፤ እሱ ከሌለ ሰውም ሊሞት ይችላል። አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ድምፃዊያችንን ማይኩ ከንፈሩ ላይ ሲነዝረው አይቻለሁ። እጁ የኔን ክር ነክቶ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በኧርዝ ነገር ከማንም ጋር አልደራደርም። ይቅርታ፣ ልጁን ትንሽ ጮኼበታለሁ። ነገ እደውልለታለሁ።

የራሴን ረጅም ዲቫይደር አውጥቼ ከሚክሰሩ ጋር ከአንድ ሶኬት ወሰድኩ። የቤዙን ድምፅ ወደ ሚክሰሩ የምታሻግረው ትንሽ ሳጥን፣ ዲአይ ቦክሱ ላይ ያለችውን የግራውንድ ሊፍት ቁልፍ ተጫንኩ፤ እሷ የምትቆርጠው የድምፅ ገመዱን ግራውንድ ብቻ ነው፣ የመብራቱን ኧርዝ አትነካም። ሃሙ ሟሸሸ። ጭራሽ ግን አልጠፋም።

ሰዎች ስለ ዕቃ ሲጠይቁኝ ውድ ቤዝ እንድነግራቸው ነው የሚጠብቁት። እኔ መጀመሪያ የምነግራቸው ስለ ዲቫይደር ነው። ቀጥሎ ስለ ባለ 9 ቮልት ባትሪ። የኔ ቤዝ አክቲቭ ነው፣ ውስጡ ድምፁን የሚያጎላ ትንሽ ሰርኪት አለው፤ ባትሪ ይበላል። ጃኩ ተሰክቶ ካደረ እየተበላ ያድራል፤ ማጥፊያው እሱ ራሱ ጃኩ ነውና። ይህን ሳላውቅ ሙሽሮች እየገቡ ድምፄ እየሰለለ፣ እየሰለለ ሄዶ ጸጥ ብሏል። ያን ቀን መድረክ ላይ የቆምኩበትን አቋም እስካሁን አልረሳውም። አሁን ከሥራ ወርጄ ጃኩን ሳልነቅል ውኃ እንኳ አልጠጣም።

ክር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካልተገኘ አሮጌውን ውኃ ውስጥ አፈላዋለሁ። አሥር ደቂቃ ከፈላ፣ በደንብ ከደረቀ፣ ለጥቂት ቀን ድምፁ ይነቃል። አምፑን የቢራ ሳጥን ላይ ማውጣትም አይረሳ። መሬት ላይ ከተቀመጠ የሚጮኸው ለእግርህ ነው። ራስህን ስለማትሰማ ቮልዩም ትጨምራለህ፣ ድራመሩ ይመታል፣ ኪቦርዱ ይከተላል፣ ድምፃዊው ጉሮሮው ይሰነጠቃል። ይህ ሁሉ በአንድ ሳጥን ይድናል።

ማታ ግን የሆነው ሌላ ነው። እንግዶቹ እራት ላይ እያሉ የባንዳችን መሪ ጋሼ በጂ ትዝታ አስጀመረን። ቀስ ያለ፣ ገና ዘፈን ያልገባበት። እኔ ያችን ወፍራም ጂ ያዝኩና ዝም አልኩ። የቀረችው ሃም ከሥር አለች። ሁለቱ ተጋጩ። 49 እና 50። በየሴኮንዱ አንድ ጊዜ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ ያብጣል። ሆዴ ውስጥ ገባ። ሌላ ኖታ መምታት አልፈለግኩም።

አባባ ትዝ አለኝ። ሁዳዴ ሲገባ በገናውን ከግድግዳ ያወርዳል። ከመጫወቱ በፊት ጅማቶቹ በሚያርፉበት በርኩማ ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያል። በእያንዳንዱ ጅማት ሥር ትንሽ ቁራጭ ቆዳ አለች፣ እንዚራ የሚሏት። በጣቱ ጫፍ ጥቂት ገፋ ያደርጋታል። ይመታል። ድምፁ ንጹሕ ከሆነ ራሱን ይነቀንቃል። መልሶ ይስባታል። ይመታል። ጅማቱ ዝዝዝ ሲል ያን ጊዜ ብቻ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በልጅነቴ ሊያስተካክለው የተቸገረ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን ዝዝታውን ነበር የሚፈልገው። በገና ካልነዘረ በገና አይደለም።

እኔ ስንት ዓመት ዝዝታ ሳባርር ኖርኩ። ክሩ ፍሬት ሲነካ ጥፋት ነው ተብዬ ነው የተማርኩት። ከፍ አድርገው፣ አጽዳው፣ አጥፋው። ለዳንስ ዘፈን ልክ ነው፣ ጭክችካ ላይ ቤዝና የድራሙ ኪክ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ ጥርት ብለው አንድ ላይ መውደቅ አለባቸው። ለትዝታስ? ለአንቺ ሆዬስ?

አሁን የቤዜን በርኩማ፣ ብሪጁን፣ የምፈታባት ትንሽ መፍቻ እጄ ላይ ናት። ወፍራሙን ክር ሩብ ዙር ዝቅ አድርጌዋለሁ። ስመታው ጫፉ ላይ ትንሽ ዝዝ ይላል፣ ከዚያ ይጠራል። ሌላ ሩብ ብጨምር ይበዛ ይሆን? ለልምምድ ስንገናኝ ጋሼ ሲሰማው «ይህን ቤዝ አሠራው» ይለኛል ወይስ ቆም ብሎ ያዳምጣል?