ቅንጣት የመሰለው ጭረት

ባሕር ዳር በምሠራበት ላቦራቶሪ 4 በመቶ መዳብ ያለበትን አሉሚኒየም 540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ አሙቀን ውኃ ውስጥ በመንከር፣ መዳቡ ቀስ በቀስ እየተሰባሰበ ቅይጡን እንዴት እንደሚያጠነክረው እናጠና ነበር። ይህን ጠባይ ጀርመናዊው የብረታ ብረት ተመራማሪ አልፍሬድ ቪልም እ.ኤ.አ. በ1906 ቢደርስበትም፣ ሳይንቲስቶቹ ጊኒየርና ፕሬስተን ጥቂት ናኖሜትር ስፋት ያላቸውን ስስ የመዳብ ዘለላዎች በየፊናቸው በኤክስሬይ ያመላከቱት በ1938 ነው። መዳብ 29፣ አሉሚኒየም 13 ኤሌክትሮን ስላላቸው ዘለላዎቹ ለጨረሩ ጎልተው ይታያሉ፤ ጨረሩም ከመንገዱ በጥቂቱ ዞር እያለ ሲበተን መጠናቸውን ያሳውቃል። ዘለላዎቹ በመዳብ ፈንታ ከማግኒዚየምና ከሲሊከን የተሠሩ ቢሆኑ ኖሮ፣ ኤሌክትሮናቸው 12 እና 14፣ ከአሉሚኒየም ብዙም ያልራቀ ነውና ሥራው እጅግ በከበደን ነበር።

በምንጠቀምበት የኤክስሬይ ዓይነት ናሙናው ከ0.1 ሚሊሜትር በታች መሳሳት ስላለበት፣ አንድ ወጣት ባልደረባችን በብርጭቆ ወረቀት በእጁ ፍቆ አሳሳውና ለልኬት ወደ ውጭ አገር ተላከ። በመጣልን የጨረር ብትነት ምስል ላይ መሐል ለመሐል የሚያልፍ ደማቅ መስመር ነበር። ልጁ ደስታው አላስቀምጥ ብሎት፣ ዘለላዎቹ ሁሉ በአንድ አቅጣጫ መሰለፋቸውን የሚገልጽ ረቂቅ ሪፖርት በዚያው ቀን ጻፈ።

የወርክሾፑ አንጋፋ ባለሙያ ምስሉን ረጋ ብለው ካዩ በኋላ፣ «እስቲ ልጄ፣ ስትፍቀው እጅህ ወዴት ይሄድ ነበር?» ሲሉ ጠየቁት።

«ከላይ ወደ ታች፣ ጋሼ፤ ሁልጊዜ በአንድ መስመር» አላቸው።

በምስሉ ላይ ያለው መስመር ግን አግድም ነበር። ረጅም ጭረት ጨረርን የሚበትነው ወደ ጎኑ ስለሆነ፣ ጥያቄያቸው ነገሩን ፈታው፤ መስመሩ የመጣው ከዘለላዎቹ ሳይሆን ብርጭቆ ወረቀቱ ከተወው ጭረት ነበር። ደግሞም ናሙናው በየአቅጣጫው የዞሩ እልፍ ጥቃቅን ክሪስታሎች የተጋጠሙበት ስለነበር፣ በውስጡ ያሉት ዘለላዎች በአንድ ወገን ሊሰለፉ የሚችሉበት ምክንያት አልነበረም፤ ብትነቱ በዙሪያው እኩል መሆን ነበረበት።

ከዚያው ቅይጥ ሌላ ናሙና አሳስተን፣ ገጹን አሲድ ውስጥ በኤሌክትሪክ አልስልሰን ላክን። መስመሩ ጠፍቶ ክብ ብትነት ብቻ መጣ፤ ከእርሱም የዘለላዎቹን አማካይ መጠን አሰላን። ስለ ቅርጻቸውና አሰላለፋቸው በእርግጠኝነት ለመናገር ግን ነጠላ ክሪስታል ወይም ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልግ ስለነበር፣ ልጁ ቅር እያለውም ቢሆን ስለ መሰለፋቸው የጻፈውን አንቀጽ ከሪፖርቱ ሰረዘው።