የተፈታው ጠመንጃና በጋራዤ ደጃፍ የቆሙት ፖሊሶች

ከአገር ቤት የሚደውሉልኝ ወዳጆቼ ሰላምታው ሳያልቅ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «እዚያ እኮ መሣሪያ በሱቅ ይሸጣል አሉ፤ አንተስ ገዛህ?» ሰናድር፣ ውጅግራና ምንሽር በፉከራው ውስጥ ዛሬም ስማቸው በሚጠራበት አገር ያደገ ሰው፣ ጠመንጃ በመደርደሪያ ተደርድሮ እንደሚሸጥ ሲሰማ ቢደነቅ አልፈርድበትም። እውነት ነው፣ ይሸጣል፤ እኔም ገዝቻለሁ። ወዳጆቼ የማይጠይቁኝ ግን ከገዛሁት በኋላ የደረሰብኝን ነው።

የምኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ነው። በየዓመቱ ኅዳር ሲቃረብ የሥራ ባልደረቦቼ ስለ አጋዘን አደን ብቻ ያወራሉ። ከመካከላቸው አንዱ «በአገርህ ጠመንጃ አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ በቅንነት ጠየቀኝ። በ1896 እንደ እነርሱ አቆጣጠር አድዋ ላይ የሆነውን፣ አባቶቻችንም ውጅግራ የሚሉት ጠመንጃ «ግራ» የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ መሆኑን ስነግረው አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። እነዚህ ሰዎች የየጠመንጃቸውን የልደት ዓመት በቃላቸው ያውቃሉ፤ ከእነርሱ ውጭ ያለው ዓለምም ታሪክ እንዳለው ግን የሚነግራቸው ይፈልጋሉ።

የገዛሁት ያገለገለ ማርሊን 336 ነው። ይህ ከ1948 ጀምሮ የተሠራ፣ ከምላጩ ሥር ያለው እጀታ ወደ ታች ተገፍቶ ሲመለስ የሚያቀባብል የአደን ጠመንጃ ነው። ዝነኛው ዊንቸስተር 1894 አምሮኝ ነበር፤ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው ይህ ጠመንጃ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ሆኖም ከ1964 በፊት የተሠራውን ማደስ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋውን መግደል ነው፤ ከዚያ በኋላ የተሠራው ደግሞ ለብዙ ዓመታት አካሉ የተሠራበት ብረት ተራውን የብረት ማጥቆሪያ አይቀበልም። በእኛ ዘንድ ያልተወለወለ ጠመንጃ የባለቤቱ ነውር ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን የአያት ላብ ያጠቆረው ሰደፍ ከነእድፉ በውድ ይሸጣል። ሁለታችንም የምናከብረው አንድ ብረት ነው፤ እኔ ግን ንጹሑን መርጫለሁ።

አፈታቱን በዝርዝር አልናገርም፤ መሣሪያ ባለበት ቤት ያደገ ሰው አስቀድሞ ባዶነቱን በዓይኑም በጣቱም እንደሚያረጋግጥ ያውቃል። እጀታው በአንድ ብሎን ይለቀቃል፣ ጥይት አጉራሹ ቃታ ወደ ኋላ ተስቦ ይወጣል፣ ሰደፉንም የያዘው አንድ ብሎን ነው። ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ የቤት ካቻቢቴ የብሎኑን አናት ስለሚበላው፣ ለጠመንጃ ብሎን የሚሆነው ጎንና ጎኑ ትይዩ የሆነና በስንጥቁ ልክ የሚገባ ብቻ ነው። የማቀባበሉን እንቅስቃሴ ማለስለስ ሲባል ደግሞ ብረት መሞረድ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ክፍሎቹን በጥቁር ማርከር ቀብቼ ገጣጠምሁና ደጋግሜ አቀባበልሁት፤ ቀለሙ የተፋቀበት ቦታ ብረት ከብረት የሚፋተግበት ስለሆነ እዚያ ላይ ብቻ ደቃቅ የመሳያ ድንጋይ በዘይት አሳለፍሁ። ወድቆ ጥይቱን የሚያስተኩሰውን መዶሻ አቁሞ የሚይዘውን ጠርዝ ግን አልነካሁትም፤ የዚያ ማዕዘን ለጥቂት ቢዛባ ጠመንጃው ሳይታሰብ ሊተኩስ ይችላል፤ ማንም ቢመክራችሁ በቤታችሁ አትንኩት።

የእንጨቱ ሥራ ደስታዬ ነበር። የተጎዳጎደው የዎልነት ሰደፍ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት በጋለ ካውያ ሲነካ፣ የተጨፈለቀው እንጨት በእንፋሎቱ አብጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በ220፣ በ320፣ በመጨረሻም በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት የእንጨቱን መሥመር ተከትዬ አለሰለስሁትና የተልባ ዘይት በስሱ እየቀባሁ፣ እስኪደርቅ እየጠበቅሁ ደራረብሁበት። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ተቀጣጥሎ ቤት ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውኃ በሞላ ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ብረቱን ከዝገት አጽድቼና ቅባቱን አስለቅቄ በቀዝቃዛ ማጥቆሪያ ቀባሁት፤ የማጥቆሪያው ሽታ ሳንባ ስለሚጎዳም የጋራዡን፣ ማለትም የቤቴን መኪና ማቆሚያ፣ በር ከፍቼ ነበር የምሠራው።

የተከፈተው በር ነው ፖሊስ ያመጣብኝ። በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ሰው ጥቁር ሰው ጠመንጃ ይዞ አየሁ ብሎ ደውሎ ኖሯል። ሁለት ፖሊሶች እጃቸውን በሽጉጣቸው ላይ አድርገው እጄን እንዳነሣ አዘዙኝ። ሞርሳው ላይ የታሰረው እጀታም፣ ቃታም፣ ሰደፍም የሌለው ብረት ብቻ ነበር፤ ሊተኩስ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም። ልጆቼ በመስኮት እያዩ፣ ዘይት የተቀባ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ቆምሁ። ወረቀቴን አይተው፣ መታወቂያዬን አጣርተው ሲጨርሱ፣ ከሁለቱ አንዱ ሰደፉን በጣቱ ዳሰሰና «ይህን ልስላሴ በምን አመጣኸው?» ብሎ ጠየቀኝ። በተልባ ዘይት መሆኑን በትሕትና ነገርሁት። ያ ምስጋና እጅ ከማንሣቱ ይልቅ ቆረጠኝ፤ ከደቂቃዎች በፊት አደጋ የነበረው እጅ በአንድ ጊዜ የባለሙያ እጅ ሆኖ ተገኘና፣ በመካከሉ ስለሆነው ነገር አንድ የይቅርታ ቃል የተናገረ አልነበረም። በዚያው መንገድ ላይ ያለ ጎረቤቴ በየመኸሩ ጠመንጃውን በደጃፉ ሲወለውል ማንም ደውሎበት አያውቅም።

እንግዲህ ለመምጣት የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሕጉን ከሱቁ አስቀድማችሁ እወቁ። በጉብኝት፣ በትምህርት ወይም በጊዜያዊ ሥራ ቪዛ ያለ ሰው፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በፌዴራል ሕግ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይፈቀድለትም። ቅጣቱ ከ2022 ወዲህ እስከ 15 ዓመት እስራት ይደርሳል፤ በመሣሪያ ወንጀል መፈረድም ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ጭምር ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ጉዳዩ ገና በእንጥልጥል ያለ ሰው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳይጠይቅ የጓደኛውን ጠመንጃ እንኳ ባይነካ ይሻለዋል። ሱቅ ውስጥ የሚሞላው ቅጽ የተከለከለ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት አንዱ መሆኑን የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ በቅጹ ላይ መዋሸት ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ፣ በመጡ በሳምንቱ የዘመዳቸውን ጠመንጃ ታቅፈው ፎቶ ተነሥተው ለአገር ቤት የሚለጥፉት ወጣቶች ናቸው። ፎቶው መሣሪያ በእጃቸው መግባቱን የሚመሰክር፣ በገዛ እጃቸው ያስቀመጡት ማስረጃ ነው፤ የለጠፋችሁ ካላችሁ ሌላ ሥራ ከመሥራታችሁ በፊት ለጠበቃ አሳዩት።