የልብ ሕመም የሽማግሌ ብቻ አይደለም

ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ብትወጡ ሯጩ ብዙ ነው። ደስ ይላል። ግን ከእግር ጉዞው ቀጥታ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ገብቶ፣ የተጠበሰ ዓሣው ላይ ጨው እየነሰነሰ "ስፖርት ሠርቻለሁ እኮ!" የሚል ጓደኛ አለኝ። ዓሣው ጥፋት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም፣ ያውም ወጡ ውስጥ ያለው ተደምሮ።

ጨው የሚያባብሰውና ልብን የሚጎዳው ደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስለዚህ ራስ ምታት ስለሌለን ብቻ ደህና ነን ማለት አይቻልም፣ መለካት ነው። በተደጋጋሚ 140/90 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሲጋራማ ምኑ ይወራል።

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ የልጆች ጉሮሮ ነገር ነው። ልጁ ሲውጥ ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፤ ጎረቤት "እንጥሉን አስቆርጡት" ይላል። ኧረ ተዉ! መቁረጡ ባክቴሪያውን አያጠፋም፣ ይልቅ ያደማል፣ ሌላ ኢንፌክሽንም ያመጣል። በስትሬፕ ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በወጉ ካልታከመ ከሳምንታት በኋላ የሩማቲክ ትኩሳት ሊያስከትልና የልብ ቫልቮችን ሊጎዳ ይችላል። በጊዜው ከታየ ግን መድኃኒቱ ፔኒሲሊን ነው፤ ብርቅ ነገር አይደለም። አንዴ የሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ መርፌ ለዓመታት ሊታዘዝለት ይችላል። መርፌው ያማል፣ ልጁም ያለቅሳል፤ ቢሆንም ቀጠሮው አይዘለልም።

ደረት ተጨንቆ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከተሰማና ላብ ካጠመቃችሁ ደግሞ "ጨጓራዬ ነው" ብላችሁ አትተኙ። ወዲያው ሆስፒታል።