እቴቴ እንዳይወራ ያሉት

ዛሬ ቡና ላይ እቴቴ ተቆጡኝ። «ሽማግሌ ሊገባ ነው እየተባለ አንቺ ስለ አጥንት የምታወሪው ምን ነክቶሽ ነው?» ታናሽ እህቴ ሲኒ እያጠበች እንዳልሰማች ሆነች። በዘራቸው በሽታ አለ እንዳይባል ነው የአክስቴ ፍርሃት። አልፈርድባቸውም፤ እኛ አገር ለጋብቻ ዘር የሚጠየቀው ለዝምድና ብቻ አይደለም።

እኔን ግን የሚያስፈራኝ ዝም ማለቱ ነው።

ክረምት ላይ ኮዬ ፈጬ ከታክሲ ስወርድ ጭቃው አዳለጠኝና በእጄ ተደግፌ ወደቅሁ። ስብራት የለም። ራጁ ላይ ግን አንጓዬ አካባቢ ምስር የተበተነ ይመስል ነጫጭ ነጥብ ሞልቶታል። የዳሌዬንም አስነሡኝ፤ እዚያም አለ። ያየኝ ሐኪም ከሌላ ቦታ ተነሥቶ አጥንት ላይ የተሠራጨ ካንሰር ሊሆን ይችላል አለ። ከዚያ በኋላ ስለነበረው ጊዜ ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ጡቴ፣ ሆዴ፣ ደሜ ሁሉ ታየ፤ ምንም አልተገኘም። እቴቴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ወሰዱኝ። ብርዱን መቼም አልረሳውም።

ነገሩን የፈታው አንድ ሸምገል ያለ የአጥንት ሐኪም ነው። ራጁን መብራቱ ላይ ለጥፎ ብዙ ካየ በኋላ ስለ ቆዳዬ ጠየቀኝ። ወገቤ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ያሉ፣ ከቆዳዬ ቀለም ብዙም የማይለዩ፣ ሲነኩ ጠንከር የሚሉ ትናንሽ እብጠቶች አሉ። አያሙም፣ አያሳክኩም። አባቴም ነበሩት፤ ነፍሱን ይማርና ጀርባውን ሳሽለት እጄ ላይ ይሻክሩኝ ነበር። ይህን ስነግረው ሐኪሙ ፈገግ አለ። ነጥቦቹን በእስክሪብቶ እያሳየ፣ በግራም በቀኝም እኩል መሆናቸውን፣ መገጣጠሚያ አካባቢ መሰብሰባቸውን፣ አጥንቱን የበላ ነገር አለመኖሩን አስረዳኝ።

ካንሰር አልነበረም፤ በዘር የሚወርድ ነገር ነው፣ ስሙም ቡሽከ-ኦለንዶርፍ ይባላል። አብርሃም ቡሽከና ሄለነ ኦለንዶርፍ የተባሉ የቆዳ ሐኪሞች ጀርመን ውስጥ በ1928 እንደ ፈረንጆቹ ጽፈውበታል። ከ20,000 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል ተብሎ ይገመታል። መንስኤው 12ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ አንድ ዘረመል ሲሆን የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ በ2004 ነው። ዘረመሉ የሚያሠራው ፕሮቲን አጥንትና የቆዳ ሥር ድር እንዲያድግ የሚያዝዙ መልእክቶችን ይገታል። ከሁለቱ ቅጂ አንዱ ሲበላሽ ልጓሙ ይላላል። ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወንድ ሴት አይልም። ደግሞ አንድ ቤት ውስጥ እንኳ አይመሳሰልም፤ አንዱ ቆዳው ላይ ብቻ፣ ሌላው አጥንቱ ላይ ብቻ፣ እንደ እኔ ያለው ሁለቱም ላይ ያወጣዋል። አልፎ አልፎ መገጣጠሚያ የሚያደርቅበት ሰው ቢኖርም፣ አብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቀው ይኖራል። አጥንቱም በዚህ ምክንያት ቶሎ አይሰበርም። ለነጥቦቹ መድኃኒት አይሰጥም፤ አያስፈልግምም።

እንግዲህ ይህን ነው ደብቂ የምባለው! ነገ ከቤተሰቡ አንዱ ወድቆ ራጅ ቢነሣና እንደ እኔ ካንሰር ነው ቢባል፣ አጥንቱ ተቆርጦ ለናሙና ቢወሰድ፣ ዝምታችን ምን ሊጠቅመው ነው? እቴቴ ራሳቸው ጉልበታቸውን እያመማቸው ራጅ ታዝዞላቸዋል። ክንዳቸው ላይ ያለውን ደግሞ ነጠላቸውን ገልጠው አሳይተውኛል፤ ያው የአባቴ ነው።

የበሽታውን ስም ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ ለሐኪሙ አስቀድመው እንዲያሳዩት። አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «ሽማግሌዎቹ ሄደው ይለቅ፣ ያኔ እነሣለሁ» አሉ።

ማታ እህቴን ለብቻዋ አግኝቼ፣ የእሷም ጭን ላይ አለና ምን እንዳሰበች ጠየቅኋት። ራጅ መነሣት አትፈልግም፤ ሐኪሙም ካላመማት ለማወቅ ብቻ ብላ ጨረር እንድትቀበል አይመክርም። ሽማግሌ ለሚልከው ልጅስ መቼ ትነግሪዋለሽ ስላት ሳቀች።

«ነግሬዋለሁ እኮ፤ ከሁለታችሁም በፊት።»