የአያቴን ፎቶ ጣውላ ላይ ማተም

ሰሞኑን የአያቴን የድሮ ፎቶ ጣውላ ላይ እያተምኩ ነው። ማተሚያ ማሽን አያስፈልግም። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳችሁ በሌዘር ማሽን ኮፒ አስደርጉት፤ የኢንክጄት ቀለም ብዙ ጊዜ ውሃ ሲነካው ስለሚፈስ ለዚህ አይሆንም። የሌዘሩ ቶነር ግን የፕላስቲክ ዱቄት ስለሆነ አክሪሊክ ጄሉ (ሰዓሊዎች የሚጠቀሙበት፣ ሲደርቅ እንደ ፕላስቲክ የሚሆን ወፍራም ቅብ) ይይዘዋል፣ ወረቀቱ ሲነሳ እሱ ይቀራል።

ጄሉን ጣውላው ላይ ቀቡ፣ ምስሉን በፊቱ ደፍታችሁ ለጥፉት፣ ከመሃል ወደ ዳር እየገፋችሁ አየሩን አስወጡ። ከዚያ እስከ ማግስቱ አትንኩት! እኔ ቸኩዬ ከ2 ሰዓት በኋላ ስፈትገው የአያቴ ዓይን አብሮ ተነሳ፣ በጣም ነው ያዘንኩት። በደንብ ከደረቀ በኋላ በስፖንጅ አርጥባችሁ ወረቀቱን በጣት ጫፍ በቀስታ እያሻችሁ አንሱ። ውሃው ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ተመልሶ ይመጣል፤ ደግማችሁ አርጥቡ፣ ደግማችሁ አሹ። ምስሉ እንደ መስታወት ስለሚገለበጥ ጽሑፍ ካለበት ኮፒ ሲደረግ አስቀድማችሁ ግራ ቀኙን አስገልብጡት።

አሜሪካዊው ሰዓሊ ሮበርት ራውሸንበርግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የመጽሔት ምስሎችን በላይተር ነዳጅ አርሶ፣ ከጀርባቸው እየፈተገ ወደ ወረቀት ያሻግር ነበር። የፍተጋው መስመር ሥራው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እኔ የምወደውም እሱን ነው። ስለዚህ የተላጠውን ቦታ በቀለም አልሸፈንኩትም። ቀጥሎ አቡጀዴ ላይ ልሞክር ነው።