«ቁርስ ሳይበላ ነው»

ከቱሉ ዲምቱ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነርስ ነኝ። ክሊኒክ ይባላል እንጂ ያለን አንድ አልጋ፣ የደም ግፊት መለኪያና የመድኃኒት ቁም ሳጥን ነው። የሚመጣውም ሕመም የታወቀ ነው፤ ወገብ፣ ጨጓራ፣ ዱቄት የቀሰቀሰው ሳል። ራሱን ስቶ የወደቀ ሰው ሲመጣ ደግሞ ምርመራው እኔ ጋ ሳይደርስ አልቋል። «ቁርስ ሳይበላ ነው ሲስተር፣ ስኳር በጥብጠሽ ስጪው» ይሉኛል።

ያን ቀን ይዘውት የመጡት የ22 ዓመት ጫኝና አውራጅ ነው። ክብሪት ጭረው አሽትተውታል፣ ውኃ ደፍተውበታል። ሲደርስ ነቅቶ ነበር። እንዲያውም ያፍር ነበር።

ዓይኔን የያዘው ጉንጩ ነው። ግራ ጉንጩ ተልጧል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። መዳፉ ላይ ግን ከዱቄት በቀር ምንም የለም። አንዲት ጭረት እንኳ። ሰው ሲያዞረው ግድግዳ ይይዛል፣ ቁጭ ይላል፣ ቢያንስ እጁን ያስቀድማል። ይሄ ልጅ እጁን ለመዘርጋት እንኳ ጊዜ አላገኘም።

«ምን እየሠራ ነበር?» አልኩ።

«ኩንታል ተሸክሞ ጣውላው ላይ እየወጣ» አለ አንዱ ጓደኛው።

ሰልፍ ላይ ብዙ ቆሞ፣ ሙቀት ጨንቆት፣ ዓይኑ ጨልሞ አልቦት የሚወድቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብዙም አያሰጋም። ጉልበት እያወጣ፣ ምንም ሳይሰማው ዘጭ የሚል ግን ሌላ ነገር ነው። ስኳሩን ለካሁ፣ ደህና ነው። ግፊቱም ደህና። ደረቱን ሳዳምጥ ከልብ ምቱ ጋር የሚሄድ ሹክታ አለ።

በእኛ አገር ወጣት ላይ የልብ ሹክታ ሲሰማ ቀድሞ የሚታሰበው በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር (ቫልቭ) የሚያበላሸው ሪውማቲክ የሚባለው በሽታ ነው። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ኮሌጅ ሳለን ግን አንድ ቀላል ዘዴ አስተምረውን ነበር። ልጁን ቁጢጥ በል አልኩት፤ ሹክታው ደከመ። አስነሣሁት፤ ጎላ። የልብ ጡንቻው ያለ ልክ የወፈረ ሰው ቁጢጥ ሲል ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይጨምራል፣ ክፍሉ ይሰፋል፣ የወፈረው ግድግዳ መንገዱን መዝጋቱን ይቀንሳል። ሲነሣ ተቃራኒው ነው። የተበላሸ ቫልቭ ብዙውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም።

«ከቤተሰብ የልብ ሕመም ያለበት አለ?»

«የለም።»

«በወጣትነቱ ድንገት የሞተስ?»

ዝም አለ። ቀጥሎ «ታላቅ ወንድሜ» አለ። መንዝ ነው፣ የገና ዕለት። ሩሩን እያባረረ ሲሮጥ ወደቀ፣ በዚያው ቀረ። ዓይን ነው ተባለ። የአባቱ ወንድምም ዳገት ላይ እንዲሁ ቀርቷል ይባላል፣ እሱ ግን አያውቀውም። ሁለቱም ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሥተው ስለማያውቁ በእሱ ቤት «የልብ በሽታ» የሚባል ነገር የለም። ልጁ አልዋሸኝም።

ሪፈር ጻፍኩ። ፎርማኑ አልተዋጠለትም፤ መኪናው ተጭኖ አላለቀም። «ሲስተርዬ፣ ይሄ በሬ የሚያህል ጎረምሳ ነው፣ ምን ልብ አመመው ትያለሽ?» አለኝ። የኳስ ሰው መሆኑን አውቃለሁና ማርክ ቪቪያን ፎዬን አነሣሁበት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊዮን ላይ ካሜሩን ከኮሎምቢያ ጋር ስትጫወት ሜዳ ላይ የወደቀውን። የአስከሬን ምርመራው የልብ ጡንቻ መወፈር ነው ያለው። «እሱስ በሬ አልነበረም?» ስለው ወረቀቱን ፈረመ።

ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሲነሣ የልጁ የልብ ግድግዳ 24 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። ጤነኛ አዋቂ ላይ ከ12 እምብዛም አያልፍም፤ 15 ሲደርስ ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት የልብ ጡንቻ መወፈር በሽታ (ሃይፐርትሮፊክ ካርዲዮማዮፓቲ) ነው ይባላል። ብርቅ ነገር አይደለም፤ ከ500 ሰው አንዱ ላይ ይገኛል። በዘር ይተላለፋል፤ ጂኑን ከያዘ ወላጅ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ብዙዎቹ ሙሉ ዕድሜ ይኖራሉ። እነማን ናቸው የሚያሰጉት? እዚህ ላይ ነው ሥራው።

የጡንቻው ክሮች ድርና ማጉ እንደተምታታ ሸማ ተዘበራርቀዋል፣ በመሐል ጠባሳ አለ፤ ምቱን የሚመራው ኤሌክትሪክ እዚያ ውስጥ መንገድ ይስትና መዞር ይጀምራል። ታዲያ ሐኪሞቹ አደጋውን የሚመዝኑት በሽተኛው ደረቴን አመመኝ ስላለ ወይም ስላላለ አይደለም። ምክንያቱ ያልታወቀ ራስን መሳት፣ በቤተሰብ ድንገተኛ ሞት፣ 30 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የወፈረ ግድግዳ፣ ሆልተር (ሰውነት ላይ ታስሮ ምቱን ሲመዘግብ የሚውል መሣሪያ) ላይ የሚታይ የታችኛው ክፍል ፈጣን ምት፣ በኤምአርአይ የሚታይ ሰፊ ጠባሳ፣ የደከመ ልብ፣ የልብ ጫፍ መነፋት። ዕድሜም ይታያል፤ ወጣትነት እዚህ ላይ አይጠቅምም። የእኛ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይዞ ነው የሄደው፣ ሆልተሩ ሦስተኛውን ጨመረ።

የላይኛው ክፍል መዛባት ሌላ ጣጣ ነው። የግራው የላይኛው ክፍል ሲለጠጥ ምቱ ይበታተናል፣ ደም ይረጋል፣ ስትሮክ ያመጣል። እሱ ከመጣ የደም ማቅጠኛ ወዲያው ነው። ልጁ ለጊዜው ከዚህ ነጻ ነው።

የመከሩት ከቆዳ ሥር የሚቀበረውን፣ ምቱ ሲዛባ የኤሌክትሪክ ንዝረት ሰጥቶ የሚያስተካክለውን መሣሪያ ነው። ዋጋው ግን ለጫኝና አውራጅ የሚቀመስ አይደለም። ዘመድ ወዳጅ እያዋጣ ነው። እስከዚያው ምቱን የሚያረጋጋ ኪኒን ይወስዳል፤ ኪኒኑ ያግዛል እንጂ የመሣሪያውን ቦታ አይተካም። ፋብሪካው ሚዛን ላይ አዛውሮታል። ጫኝ የሚከፈለው በኩንታል ስለሆነ ገቢው አሽቆልቁሏል። «ከዚያ ወዲህ አልወደቅሁም እኮ ሲስተር፣ ልመለስ?» እያለ ይመላለሳል። እኔም እምቢ እላለሁ። የሚቀርበትን ብር ሳስበው እምቢታዬ ለእኔም አይዋጥልኝም።

የሰው ኃይል ክፍሉ የቤተሰብ ሞት ጥያቄውን የቅጥር ፎርም ላይ እናስገባ ብሎ ነበር። ተሟገትኩ። ፎርም ላይ ከገባ ሰው መቅጠር መከልከያ ይሆናል፣ ሁሉም «የለም» ብሎ ይሞላል። ክሊኒኩ ካርድ ላይ ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

አሁን የቀረችው የ16 ዓመት እህቱ ናት። ኢሲጂዋም ኢኮዋም ንጹሕ ወጣ፣ ሆኖም በየዓመት ሁለት ዓመቱ ተመለሽ ተባለች። እናትየው ስልክ ደውለው «ነጻ ናት ካላችሁ ደግሞ ለምን ታመላልሷታላችሁ?» አሉኝ። በሽታው በጉርምስና፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ብቅ ሊል እንደሚችል አስረዳኋቸው። ለትራንስፖርቱ ቅር ቢላቸውም ሲደርስ ይዘዋት ሊመጡ ቃል ገብተውልኛል።