20 ባይት

ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል ነው፤ የክፍል ማስያዣው ሲስተም ሌት ተቀን አይዘጋም። ሲስተሙን የሚይዘው ልጅ "ባክአፕ (የዳታው መጠባበቂያ ግልባጭ) በየሌሊቱ ይወሰዳል፣ አያስቡ ጋሼ" ብሎ ፎልደሩን ከፈተልኝ። እውነትም ፋይሎቹ በየቀናቸው ተሰልፈዋል። መጠናቸው ግን 20 ባይት። ሁሉም!

20 ባይት ማለት ጂዚፕ (ፋይል ጨምቆ የሚያሳንሰው ፕሮግራም) ምንም ሳይሰጠው አሽጎ የሚያወጣው ባዶ ፋይል ነው። የዳታቤዙ ፓስዎርድ ተቀይሯል፤ ማይኤስኪውኤል ደምፕ (ዳታቤዙን ወደ ፋይል የሚገለብጠው ፕሮግራም) ገና ከበሩ ይመለሳል። ሁለቱ በፓይፕ (የአንዱን ውጤት ለሌላው በሚያቀብል መስመር) ስለተያያዙ ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ሼል የሚያየው የመጨረሻውን፣ የጂዚፕን ውጤት ብቻ ነው። ባሽ ስክሪፕቱ (ትእዛዞቹ የተጻፉበት ፋይል) አናት ላይ ፓይፕፌይል (ከተያያዙት አንዱ ቢወድቅ ሙሉውን እንደ ወደቀ የሚቆጥረው ቅንብር) ቢበራ ኖሮ ስህተቱ በመጀመሪያው ሌሊት ይጋለጥ ነበር።

ብዙ ቤት የሚታየው ፋይሉ መኖሩ እንጂ ዳታው ከፋይሉ መመለሱ አይደለም።

ሲስተሙ ሳይቆም ባክአፕ ለመውሰድ ሲንግል ትራንዛክሽን የሚለው የደምፑ ኦፕሽን ይበቃል፤ ግን ለኢኖዲቢ (አንዱ የማይኤስኪውኤል ሠንጠረዥ ዓይነት) ብቻ። ማይአይሳም የሚባለው ሌላው ዓይነት ሠንጠረዥ ካለ ግልባጩ እርስ በርሱ ላይገጥም ይችላል። ደምፑ እየሄደ ደግሞ ኦልተር ቴብል (የሠንጠረዡን ቅርጽ የሚቀይር ትእዛዝ) የሚባል ነገር አይነካ። ፋይሉ መጨረሻ ላይ "ደምፕ ኮምፕሊትድ" የሚል መስመር ከሌለ መሃል ላይ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል (መብራት ሲሄድ ይህ ብርቅ አይደለም)።

መመለሱን ስትሞክሩ በሌላ ሰርቨር ላይ ይሁን። ደምፑ ካልከለከሉት በቀር ድሮፕ ቴብል (ነባሩን ሠንጠረዥ የሚያጠፋ ትእዛዝ) ይዞ ነው የሚመጣው፤ በሚሠራው ዳታቤዝ ላይ ከተለቀቀ መጀመሪያ የሚያጠፋው የዛሬውን እንግዳ መዝገብ ነው። ከሌሊቱ ባክአፕ ወዲህ የገባውን የሚመልሰው ባይነሪ ሎጉ (ዳታቤዙ ላይ የተደረገው ለውጥ በየተራ የሚመዘገብበት ፋይል) ነውና እሱም ከሰርቨሩ ውጭ ይቀመጥ።